ከ«የአውሬዎች ኮሜዲያ» እስከ ሀገር ፍቅር፦ መድረኩን ያቆዩት እነማን ናቸው?

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ሀገር ፍቅር ቴአትርን ያውቃል። ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በደጁ በማለፍ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ቴአትር ቤት ገብቶ ተውኔት ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድም እጅ አልወጣም። ፊልምማ ሁሉም አይቷል፣ በስልኩ። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ዝምታ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ፊታውራሪ (በኋላ በጅሮንድ) ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው። የ1923ቱን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ አሳዩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው ይህ ነው። ተዋንያኑ አውሬዎችን ሆነው ይናገራሉ እንጂ ነገሩ ስለ ሰው ነበር፤ ስለ አስተዳደር ብልሹነት፣ ስለ ሹማምንቱ። ያዩትም ወዲያው ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። አስቡት እንግዲህ፣ የሀገራችን ቴአትር ገና በአንድ እግሩ ሲቆም ተመታ!

ታዲያ ማን አነሣው? እዚህ ላይ ነው እኔን እንደ መምህር ደስ የሚለኝ። ንግሥቲቱ በ1922 ካረፉ፣ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ ቴአትርን መልሰው ያቆሙት መምህራን ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጥኑ ነበር። ዮፍታሔ የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ያው ሰው ነው። የሙያ ተዋናይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተዋንያኑ ተማሪዎች ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር የሴቷን ቦታ ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ይጫወታል። አሁን ሲሰሙት ያስቃል፣ ግን እነዚያ ልጆች ባይኖሩ መድረኩ ባዶ ይሆን ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1927 ክረምት የጣሊያን ሐሳብ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ነበር። በዚያ ክረምት በመኮንን ሀብተወልድ አማካይነት «የሀገር ፍቅር ማኅበር» ተመሠረተ። ስሙን ልብ በሉ፤ «ቴአትር ቤት» አይልም። ዓላማው ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። ንግግር፣ ግጥም፣ ዘፈንና አጫጭር ጭውውት እያቀረቡ ሕዝቡ ለሀገሩ እንዲነሣ ይጠሩ ነበር። ግን ጊዜ አልነበራቸውም። በመስከረም 1928 ጣሊያን መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ማኅበሩም ተበተነ።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ ሲመለሱ ማኅበሩም እንደገና ቆመ። ማሲንቆ ገራፊው፣ ክራር መቺው፣ ዋሽንት ነፊው፣ እስክስታ አውራጁ ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። ዘፈኑና ተውኔቱ በአንድ መድረክ ይቀርብ ስለነበር ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤትም የሙዚቃ ቤትም ሆነ። እነ ኢዩኤል ዮሐንስ ተውኔትና ዘፈን እየደረሱ ይህን መድረክ ዓመታት መገቡት። መሥራቹ መኮንን ሀብተወልድ ግን መጨረሻቸው አላማረም፤ በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።

ጥላሁን ገሠሠስ ከየት መጣ? ወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ሰዎች ሄደው ዝግጅት አሳዩ። ልጁ ልቡ ተነካ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ያበረታቱት ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ። አያችሁ፣ እንደገና ትምህርት ቤት! አንድ ቡድን አንድ ቀን አንድ ከተማ ባይሄድ ኖሮ ያን ድምፅ ላንሰማው እንችል ነበር።

ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነበር፤ ሳይጨርሱት ተባረሩ። በ1948 ለንጉሡ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ተጠናቆ በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተውኔት ተከፈተ። ወራሪ ለራሱ ብሎ የጀመረው አዳራሽ የእኛ ተውኔት ቤት ሆነ። እሱ በክብረ በዓል ተወለደ፣ ሀገር ፍቅር ግን በጭንቅ ጊዜ። ለዚህ ነው ልቤ ወደ ሀገር ፍቅር የሚያደላው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጆችን ይዤ ሄጄ ነበር። የወላጅ ፈቃድ፣ የመግቢያና የታክሲ ገንዘብ ማሰባሰቡ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲከፈት፣ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ ዝም የማይል ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ አሁን ቢሳሳቱ እንዴት ያደርጋሉ? ይቆርጡታል?» አለኝ። «አይቆረጥም፣ ከተናገሩት ተናገሩት ነው» አልኩት። እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለም። ሲወጡ አንዲት ተማሪ ደግሞ «ተዋናይዋ ስታለቅስ እኛን እያየች ነበር እኮ» አለች። ስልክ ላይ ያለ ሰው አያየንም፤ መድረክ ላይ ያለው ግን ያየናል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ፒያሳ ብዙ ተቀይሯል፤ ሕንፃም ያረጃል፣ ይታደሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰንሰለቱ ነው። መምህር ጽፎ፣ ተማሪ ተጫውቶ፣ ሕዝብ ገብቶ አይቶ ነው መድረኩ እዚህ የደረሰው። ዛሬ በስንቱ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ለሪፖርት ያህል ስሙ ብቻ አለ! ሚኒ ሚዲያው ለማስታወቂያ ብቻ ነው የሚከፈተው። አስለቃሽ በጀት አያስፈልግም እኮ፤ ዮፍታሔ ምን በጀት ነበረው? አንድ ደብተር፣ ጥቂት ልጆች፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ክፍል ይበቃል።

ወላጆች፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ ልጃችሁን ቴአትር ቤት ውሰዱ። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክበቡን እናንቃው።

እስኪ እናንተ መጀመሪያ ያያችሁት ተውኔት የቱ ነው? ከማን ጋር ነበር የሄዳችሁት? ከታች ጻፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ቸር እንሰንብት!