ክረምት (በኢትዮጵያ ደጋ)

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል፤ ገበሬው ግን ከቀኑ ይልቅ ደመናውን ያያል። ዝናቡን የሚያመጣው ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣ እርጥበት አዘል ነፋስ ነው።

በቆሎና ማሽላ ቀድመው ይዘራሉ። ጤፍ በአብዛኛው ሐምሌን ይጠብቃል፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፣ በብዙ ቦታም ከብት እየተነዳበት ጭቃው ይረገጣል፣ ከዚያ ዘሩ በእጅ ይበተናል። ውሃ በሚቋጥረው መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። አረም ፋታ ስለማይሰጥ ደቦና ወንፈል ይበረታሉ። እረኛው ገሳ ደርቦ ከብቱን ያግዳል፤ ኩበትና ማገዶ በበጋ ያላከማቸ ቤት በእርጥብ እንጨት ጭስ ይታፈናል። ወንዝ ሲሞላ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሐኪም ቤትም ይርቃል።

ስለ ክረምት ሲወራ ልምላሜው ይቀድማል፤ ረኀቡ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አሮጌው እህል ሲያልቅ አዲሱ ገና ቡቃያ ነውና ጎተራ የሚራቆተው፣ የእህል ዋጋም የሚወደደው በዚሁ ወቅት ነው። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዕለት ግን የሌለው ካለው ተበድሮም ቢሆን ሙልሙል ይጋግራል፤ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ይዞራሉ። ችግሩ የሚቀልለው እሸት በቆሎ ሲደርስ ነው።