አገርህ ግባ ሲባሉ

እህቶቼ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በጥቅምት ወር ለአሜሪካውያኑ ከቆንስላቸው «ውጡ» የሚል ምክር መጣ። የብዙ ዓመት ኑሮ በጥቂት ሳምንት ተጠቅልሎ ሻንጣ ይገባል? እናንተ ታውቁታላችሁ። ኖቬምበር 16 ቀን ማሪፖሳ የተባለችው መርከብ 219 ሰዎችን፣ በብዛት ሚስዮናውያንና ልጆቻቸውን፣ ከኢንቾን ይዛ ሄደች።

በሴኡል የኮሌጅ መምህር የነበሩት ሆረስ አንደርውድ ግን ከባለቤታቸው ከኤቴል ጋር ቀሩ። አባታቸው በ1885 በፋሲካ ዕለት ኮሪያ ገቡ፤ እሳቸው በ1890 እዚያው ሴኡል ተወለዱ። ታዲያ አገራቸው የቱ ነው? የፐርል ሃርበር ጦርነት ሲነሣ ታሰሩ፤ በ1942 በእስረኛ ልውውጥ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሱ። በ1949 ኤቴል እዚያው ቤታቸው በታጣቂዎች ተገደሉ፤ እሳቸውም በ1951 ቡሳን ላይ አረፉ።