ጋይገር ቆጣሪ የአካባቢን ጨረር በትክክል እንዲያነብ እንዴት ይስተካከላል?

እአአ መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫን ካሽመደመደ በኋላ፣ በርካታ ነዋሪዎች የጨረር መለኪያ ገዝተው ግቢያቸውንና የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በራሳቸው መለካት ጀመሩ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ብሔራዊ የሸማቾች ጉዳይ ማዕከል ዋጋቸው ከ100 ሺህ የን በታች የሆኑ መሣሪያዎችን ፈትሾ፣ በተፈጥሮ የሚገኘውን ያህል አነስተኛ ጨረር በትክክል መለካት እንደማይችሉ አስታወቀ። ከቤቱ ልውጣ ወይስ ልቆይ እያለ ለሚያመነታ ወላጅ ይህ ቀላል ዜና አልነበረም።

ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀርመናውያኑ ሃንስ ጋይገር እና ቫልተር ሙለር በ1928 የሠሩት ቱቦ በጋዝ የተሞላና በመካከሉ ቀጭን ሽቦ የተዘረጋበት ነው። ጨረር በውስጡ ሲያልፍ ጋዙ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንድ ምትም ይመዘገባል። ምቱ ግን ደካማውንም ብርቱውንም ጨረር አይለይም። በመስታወቱ ላይ በማይክሮሲቨርት የሚታየው ቁጥር እንግዲህ የተለካ ሳይሆን ከምቶች ብዛት የተሰላ ነው።

የመጀመሪያው ማስተካከያ የቮልቴጁ ነው። መጠኑ የማይለዋወጥ የጨረር ምንጭ ቱቦው አጠገብ ተቀምጦ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ ሲደረግ፣ ቆጠራው በድንገት ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም እንደ አምባ አናት ሜዳ ይሆናል። ከሜዳው ማዶ እንደገና ያሻቅባል፤ እዚያ ቱቦው ያለ ጨረር በራሱ መፈንዳት ስለሚጀምር ይጎዳል። ትክክለኛው ቦታ የአምባው መካከል ነው፤ ባትሪው ትንሽ ቢደክም እንኳ ቆጠራው ብዙም አይዛባም። በሶቪየት ዘመን የተሠራውና ዛሬም በርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ኤስቢኤም-20 ቱቦ፣ ለምሳሌ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ400 ቮልት ይሠራል።

ቀጥሎ የማባዣው ቁጥር ይመጣል። ይህ ቁጥር የሚገኘው ቱቦውን በቤተ ሙከራ መጠኑ በታወቀ የሲዚየም-137 ጨረር ፊት በማቆም ነው። ከፉኩሺማ በኋላ የተመሠረተው ሴፍካስት የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በሚጠቀምበት ኤልኤንዲ 7317 ቱቦ፣ በደቂቃ 334 ምት በሰዓት አንድ ማይክሮሲቨርት ማለት ነው። የአንዱን ቱቦ ቁጥር ለሌላው የሰጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢለካም ውጤቱ ስህተት ነው።

በሚገባ የተስተካከለ መሣሪያም ቢሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨረር የሚወጣው በዘፈቀደ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ 35 ምት ቢቆጠር፣ በስድስት ያህል ወዲያና ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ይህም 17 በመቶ ገደማ ነው። አሥር ደቂቃ ተቆጥሮ 350 ሲደርስ ግን ስህተቱ ወደ አምስት በመቶ ይወርዳል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚዘለው ቁጥር ብዙዎችን ያለ ምክንያት አስደንግጧል።

የመለኪያው ቦታም ይወስናል። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ የተለመደው ልክ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርቻ ካለችው ጅቡቲ ይበልጥ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ይደርሳታል። በኬንያ ጠረፍ አቅራቢያ ያለው ምሪማ ኮረብታ ደግሞ በዓለቱ ውስጥ ባለው ቶሪየም የተነሣ ከፍተኛ ንባብ ያሳያል፤ ይህም ከአደጋ የመጣ ሳይሆን የተፈጥሮ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር የሚመዘነው በዚያው ስፍራ ቀደም ሲል ከተያዘ መዝገብ ጋር ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜም ከራዶን ጋዝ የሚመነጩ ንጥረ ነገሮች ከአየር ታጥበው ስለሚወርዱ ቆጠራው ለአጭር ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።