መፍዘዝና መረጋጋት፦ የማረጋጊያ መድኃኒት በላስታ እንስሳት ላይ የሚያሳየው የዝርያ ልዩነት

በላስታ ደጋ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ በአንድ የገበያ ቀን ቀንዱ የተሰበረ በሬ፣ ጎብኚ ይዛ ወደ አሸተን ማርያም ስትመላለስ ጀርባዋ የተገጠበ በቅሎና እግሯ የተሰበረ በግ ሊቀርቡ ይችላሉ። ለሦስቱም የሚነሣው ብልቃጥ ዛይላዚን የተባለው ማረጋጊያ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይሰማቸውም። የዝርያ ልዩነት በመጠን ሠንጠረዥ ብቻ አያልቅም፤ እንስሳው መፍዘዙም ተረጋግቷል ለማለት አያበቃም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው።

ዛይላዚን በአንጎልና በሰረሰር ያሉ አልፋ-2 ተቀባዮችን ቀስቅሶ የኖርአድሬናሊንን መለቀቅ ይገታል። በደም ሥር ሲሰጥ ለፈረስ በኪሎ 1.1 ሚሊግራም የተለመደ ሲሆን ለከብት እስከ 0.1 ይበቃል። ሁለቱም 250 ኪሎ ቢመዝኑ ለፈረሱ 275፣ ለበሬው 25 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በቅሎ ከፈረስም በግማሽ ያህል የበለጠ ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ1981 በፈረስ፣ በከብት፣ በበግና በውሻ ላይ የታተመ የንጽጽር ጥናት መድኃኒቱ ከአራቱም ሰውነት ቶሎ እንደሚወገድ አሳይቷል። በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት አሥር እጥፍ የሚሆነውን የመጠን ርቀት አያስረዳም። ስለዚህ ምክንያቱ የሚፈለገው በተቀባዮቹ ዓይነትና ምልክቱን ወደ ሕዋሱ በሚያስተላልፉበት መንገድ ነው።

ስሜቱ በጠባይ ሲነበብ ልዩነቱ ይሰፋል። በሬው ምራቁን እያዝረበረበ ይተኛል። በቅሎዋ ግን ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን አንጠልጥላ ትፈዛለች፤ ድንገት ከኋላ ለነካት ግን በትክክል ዒላማዋን የምትመታ ርግጫ ትሰነዝራለች። ሰውን የሚያረጋጋው ዲያዜፓም ለብቻው ለትልቅ ፈረስ ሲሰጥ ጡንቻውን ያዝላል። መሸሽን መዳኛው ያደረገ እንስሳ እግሩ ሲከዳው ይደነግጣል እንጂ አይረጋጋም። ውሻን የሚያፈዝ ሞርፊንም መጠኑ ሲበዛ ድመትን ያቅበዘብዛል።

እንስሳ የመድኃኒትን ስሜት ለይቶ እንደሚያውቅ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አይጦችና ርግቦች ፔንቶባርቢታል የተባለውን የማስተኛ መድኃኒት ሲወስዱ አንዱን፣ ሳይወስዱ ሌላውን ቁልፍ ነክተው ምግብ ማግኘት ይማራሉ። መረጃቸው ከገዛ ሰውነታቸው የሚመጣ ስሜት ነው።

ለላስታ በግ ጉዳዩ የትንፋሽም ነው። ዛይላዚን በበግ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እንዲቋጠርና የደም ኦክስጅን እንዲቀንስ ሊያደርግ ይችላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። በቆላ የሚያልፍ አደጋ በደጋ ላያልፍ ይችላል።

በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ለምርምር ለመያዝ ያገለገለው የቲሌታሚንና የዞላዜፓም ቅልቅል ነው። ቲሌታሚን አእምሮን ከአካባቢው ይነጥላል፤ ዓይን ግን እንደተከፈተ ይቀራል። ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ አልተኛም፤ ስለዚህ ዓይኑን መሸፈንና ድምፅ መቀነስ ግድ ይላል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነው። በሕክምና መዝገቡ ከመጠኑ ጎን እንስሳው ለድምፅና ለንክኪ የሰጠው ምላሽ፣ አተነፋፈሱና አነቃቁ በየዝርያው ይጻፍ። ቢላ ወይም መርፌ የሚያርፍበት ቦታም፣ እንስሳው ቢፈዝም እንኳ፣ በሊዶኬይን ይደንዝዝ።