የደንብ ልብስ ሁለት ገጽታ

ተማሪ የደንብ ልብስ እንዲለብስ ሊገደድ ይገባዋልን? የጃፓን ታሪክ ለጥያቄው ሁለት ገጽታ ያሳያል። የመኳንንት ልጆች ይማሩበት የነበረው የቶኪዮው ጋኩሹይን እ.ኤ.አ. በ1879 የባሕር ኃይልን ልብስ የመሰለ የደንብ ልብስ ደነገገ። በ1886 የቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ባለ ወርቅማ አዝራር ኮት ለተማሪዎቹ አለበሰ፤ በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስትሩ ሞሪ አሪኖሪ ወታደራዊ ልምምድን በመምህራን ማሠልጠኛዎች አስገቡ። ልብሱ ወደ ተራው ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፋ የባለጸጋውንና የድሃውን ልጅ ባንድ መልክ አቆመ፤ ይህ በጎ ገጽታው ነው። ሆኖም ኦክቶበር 21 ቀን 1943 ያንኑ ልብስ የለበሱ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጠመንጃ አንግተው በቶኪዮ ዝናብ ውስጥ ለጦርነት ተሰለፉ። ብዙዎቹ ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም። እንግዲህ ደንቡን የሚያወጣ ሁሉ አስቀድሞ ይመልስ፦ ልብሱ ወጣቱን ለዕውቀት ያሰባስበዋል ወይስ ለትእዛዝ ያሰልፈዋል?