ጌጅ ብሎክ፤ ጠባዩና አያያዙ

ጌጅ ብሎክ በተግባረ እድ ጥበብ፣ በተለይም ብረት በቶርኖ በሚቆረጥበት የሥራ ቤት፣ የማይክሮሜትርና የካሊፐር ትክክለኛነት የሚመረመርበት፣ ከጠንካራ ብረት ተሠርቶ ሁለቱ ትይዩ ገጾቹ እንደ መስተዋት የተወለወሉ፣ በገጾቹም መካከል ያለው ርቀት በላዩ የተጻፈበት ባለ አራት ማዕዘን መለኪያ ነው።

ይህን መለኪያ ያስገኘው በስዊድን አገር፣ በኤስኪልስቱና ከተማ በነበረው የጠመንጃ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሶን (1864–1943 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ የጠመንጃ ክፍል የየራሱ መለኪያ እንዲሠራለት ግድ ነበረና፣ ዮሃንሶን እ.ኤ.አ. በ1896 በጀርመን ኦበርንዶርፍ ከሚገኘው የማውዘር ፋብሪካ ሲመለስ፣ በባቡር ላይ ሳለ፣ ጥቂት ብረቶች በሒሳብ ተመርጠው ቢደራረቡ እጅግ ብዙ ልክ ሊያስገኙ እንደሚችሉ አሰበ። ያሰባቸውም 102 ብረቶች፣ በመቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት፣ 20,000 ያህል ልኮችን የሚሰጡ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹን ያለሰለሰው የባለቤቱን የልብስ ስፌት መኪና ለዚሁ ሥራ ለውጦ እንደ ነበር ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፎርድ ኩባንያ ሠራ።

ልኩ የሚሰበሰበው ከመጨረሻው አኃዝ ተጀምሮ ነው። 38.27 ሚሊሜትር የሚፈልግ ሠራተኛ በመጀመሪያ 1.27ን ያነሣል፤ የቀረውን 37 ደግሞ በ12ና በ25 ይሞላል። ብረቶቹ ባነሱ ቍጥር ስሕተቱም ያንሳልና ሦስት የሚበቃውን በአምስት መሥራት አይገባም። ሁለቱ ንጹሓን ገጾች ተገናኝተው በቀስታ ሲንሸራተቱ፣ ሙጫ ሳይኖር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ይህም በአየር ግፊት ብቻ የሚሆን አይደለም፣ በመካከላቸው የሚቀረው እጅግ ስስ የፈሳሽ ሽፋንና የገጾቹ ደቂቅ አካላት መሳሳብ የሚያደርጉት ነው እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ ሠራተኛውን የሚያሳስተው ሙቀት ነው። በብረቱ ላይ የተጻፈው ልክ እውነት የሚሆነው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ ይህንኑ የሙቀት መጠን የደነገገው ነበር። 100 ሚሊሜትር የሚረዝም ብረት በአንድ ዲግሪ ከአንድ ማይክሮን ጥቂት የሚበልጥ ያህል ያድጋል፤ እንግዲህ ንጋት በሚቀዘቅዝበት፣ ቀትር በሚሞቅበት የደጋ አገር የሥራ ቤት፣ መለኪያውንና የሚለካውን ዕቃ በአንድ የብረት ጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት አብሮ ማቆየት ከማንኛውም ብልሃት ይበልጣል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ብረት ከሆኑ አብረው አድገው ስሕተቱ ይጣፋል፤ የሚለካው አሉሚኒየም ከሆነ ግን እጥፍ ያህል ስለሚያድግ ልዩነቱን ማስላት ያስፈልጋል። የእጅ ሙቀት እንኳ ብረቱን ያሳብጣልና፣ ዲያቆን ንዋየ ቅድሳትን በማኅፈድ እንደሚይዝ፣ ሠራተኛውም በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጓንት ይያዘው።

ከሥራ በፊት የመከላከያ ዘይቱ በቤንዚን ተጠርጎ ብረቱ በለስላሳ ቆዳ መድረቅ አለበት። የላብ ጨው ዝገት ስለሚያመጣ፣ የተጣበቁት ብረቶች ከሥራ በኋላ ወዲያው ተንሸራትተው ይለያዩ እንጂ እንደ ተጣበቁ አይደሩ፤ ከዚያም ተጠርገው፣ አሲድ የሌለበት ዘይት ተቀብተው በየቦታቸው በሣጥን ይቀመጡ። ጠርዙ ተጋጭቶ ጉብታ የወጣበት ብረት ለዚሁ በተሠራ ልዝብ ድንጋይ ይታሻል እንጂ በሊማ ወይም በአሸዋ ወረቀት ፈጽሞ አይነካም። ከዚህ በኋላ ከጓደኛው ጋር አልጣበቅ ያለ ብረት፣ ለዓይን ያማረ ቢመስልም፣ ከሣጥኑ ይውጣ።