ሳሩ ላይ የሌለችው ቢጫ መስመር

መስከረም 17 ቀን 1991 ዓ.ም. እሑድ ዋለ። እኛ መስቀልን አክብረን፣ የደመራውን አመድ ግንባራችን ላይ ተቀብተን ውለን ተኝተናል። ሌሊቱ ተጋምሶ ሲያልፍ አሜሪካ ገና እሑድ ምሽት ነበርና፣ ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ጣቢያ የባልቲሞር ሬቨንስንና የሲንሲናቲ ቤንግልስን ጨዋታ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ጨዋታው የእነሱ እግር ኳስ ነው፤ ኳሷ ሞላላ፣ ተጫዋቹም ሄልሜት ደፍቶ የሚጋፋበት። የዚያን ምሽት ግን አንድ አዲስ ነገር ነበር። ሳሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠች ቢጫ መስመር ትታያለች። ተጫዋቾች ይረግጧታል፣ ይወድቁባታል፣ ሲነሡላት ደግሞ ሳትደበዝዝ እዚያው ትገኛለች። ስታዲየም ገብቶ ለተቀመጠው ሰው ግን እንዲህ የምትባል መስመር የለችም። ያለችው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎቹ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይሉታል። ሰውን ካለበት ነቅሎ ሌላ ዓለም ውስጥ ከሚከተው ከቨርቹዋል ሪያሊቲ ይለያል። ይኼኛው የምናየውን ዓለም እንዳለ ትቶ በላዩ ላይ የሌለ ነገር ይደርብበታል፤ የተደረበውም ነገር ቦታውን ሳይለቅ፣ ፊትም እዚያው የነበረ ይመስላል። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ራስ ላይ ከሚደፋ መሣሪያ ጀምረው ስልክ ላይ ይጨርሱታል። እኔ ግን ተራው ሰው ቤት መጀመሪያ የገባው በዚያች ቢጫ መስመር ነው ባይ ነኝ።

ራስ ላይ የሚደፋው መሣሪያም ቢሆን ሳይነገርለት መታለፍ የለበትም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የሃርቫርድ መምህር ከተማሪው ከቦብ ስፕራውል ጋር ሆኖ በ1968 አንድ መሣሪያ ሠራ። በሁለቱ ጆሮ ግንዶች አጠገብ ሁለት ትናንሽ የቴሌቪዥን ቱቦዎች፣ በዓይን ፊት ደግሞ ግማሽ የሚያሳልፉ ግማሽ የሚያንጸባርቁ መስተዋቶች ነበሩት። መሣሪያውን የደፋ ሰው ክፍሉን እንደ ወትሮው እያየ፣ በክፍሉ መካከል በብርሃን ክር የተሠራ ባዶ ሣጥን ተንሳፍፎ ያያል። ራሱን ወደ ጎን ቢያደርግ የሣጥኑን ጎን ያያል፤ ጠጋ ቢል ሣጥኑ ይተልቅበታል። ኮምፒውተሩ የሰውየው ራስ የት እንዳለ የሚያውቀው ከጣሪያው በወረደ የብረት ክንድ ነበር። ያ ከራስ በላይ የተንጠለጠለ ብረት፣ በጥንቱ ተረት ዳሞክሊስ በተባለ ሰው ራስ ላይ በአንዲት የፈረስ ጭራ ተንጠልጥሎ ከነበረው ሰይፍ ጋር ተመሳሰለና «የዳሞክሊስ ሰይፍ» ተባለ።

ሰዘርላንድ ሐሳቡን ያገኘበትን አጋጣሚ ሲናገር ቤል ሄሊኮፕተር የተባለውን ኩባንያ ያነሣል። ኩባንያው ራስ ላይ በሚደፋ ስክሪንና ራስ በዞረበት በሚዞር ካሜራ ሙከራ ያደርግ ነበር። ካሜራው ጣሪያ ላይ፣ ተመልካቹ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ጣሪያው ላይ ኳስ እየተወራወሩ ከነበሩት አንዱ ኳሷን ድንገት ወደ ካሜራው ቢወረውራት፣ ቤት ውስጥ በሰላም የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ አመለጠ። ዓይን ካመነ አካል እንደማይጠይቅ ያን ጊዜ ታየ።

ስሙ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከፋብሪካ ነው። በ1990 ቶም ኮዴል የተባለ የቦይንግ ተመራማሪ ከባልደረባው ከዴቪድ ሚዜል ጋር የአውሮፕላን ሽቦ የሚያስሩ ሠራተኞችን ችግር ያጠና ነበር። ለእያንዳንዱ የሽቦ እስር ሽቦው በየት አልፎ የት እንደሚታጠፍ ተስሎበት የተዘጋጀ ትልቅ የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ አለ። ሁለቱ ሰዎች፣ ሰሌዳውን ባዶ አድርገን የሽቦውን መንገድ በሠራተኛው መነጽር ላይ ብናሳየውስ፣ አሉ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚለው ስም ለዚያ ሐሳብ የወጣ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ ነበር፤ ስሙም ነበር። ከሰዘርላንድ ሣጥን ወዲህ ግን ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ሲያልፉ ነገሩ ከቤተ ሙከራ፣ ከፋብሪካና ከተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ መስተዋት አልወጣም። ውድ ስለነበረ ነው ይባላል፤ እውነትም ውድ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዋጋው የባሰ ሌላ ችግር ነበረበት። ሥራውን ጨርሶ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው «ይህ ነገር ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

መልሱ በአንድ ጊዜ አልተገኘም። መጀመሪያ ሳያምር ቀረ። የፎክስ ቴሌቪዥን ጣቢያ የበረዶ ሆኪ ያስተላልፍ በነበረበት ዘመን ብዙ አሜሪካዊ «ኳሷ አትታየኝም» ብሎ ያማርር ነበር። ኳስ ከተባለች እሷ 7 ሳንቲም ተኩል የምታህል ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት፤ ነጩ በረዶ ላይ እንደ ጥይት ትበራለች። ስታን ሃኒ የተባለ መሐንዲስ የመራው ቡድን ጎማዋን ለሁለት ሰንጥቆ ባትሪና ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚረጩ 20 ትንንሽ መብራቶች ከተተባት፣ መልሶም ለበጣት። አዳራሹ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ መሣሪያዎች ያንን ብርሃን እየተከታተሉ ጎማዋ የት እንዳለች ለኮምፒውተር ይነግራሉ። ጥር 1996 በቦስተን በተደረገው የከዋክብት ግጥሚያ፣ ተመልካቹ ሰማያዊ ብርሃን የከበባት ጎማ አየ። ኃይለኛ ምት ስትመታ ደግሞ ከኋላዋ ቀይ ጭራ ትጎትት ነበር።

ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ደስ አለው። የሚያውቀው ግን ተቆጣ። ሆኪ እያየ ያደገ ሰው ጎማዋን በዓይኑ ባያገኛት እንኳ ከተጫዋቾቹ አካሄድ የት እንዳለች ያውቃል፤ ያ እውቀት የዕድሜ ልኩ ነው። ያን ሰው ቁጭ አድርገው በሰማያዊ ብርሃን «እዚህ ናት» አሉት። ከዚህም በላይ ብርሃኑ ከጨዋታው በልጦ ዓይን ይስብ ነበር። ፎክስ በ1998 የሆኪ ስርጭቱን መብት ሲያጣ የምታበራው ጎማ አብራ ሄደች፤ የተከራከረላትም ብዙ ሰው አልነበረም።

ሃኒና ባልደረቦቹ ግን በዚያው ዓመት ወጥተው ስፖርትቪዥን የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ቢጫዋ መስመር የተወለደችው እዚያ ነው።

መስመሯ ምን እንደምትሠራ ለመረዳት የጨዋታውን አንድ ሕግ ማወቅ ይበቃል። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከ14 ሳንቲም፣ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ከሄደ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልሄደ ኳሷን ለባላጋራ ያስረክባል። ስለዚህ በየደቂቃው የእያንዳንዱ ተመልካች ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ሜዳው ላይ ይህን የሚያሳየው ዳር ቆመው ብርቱካናማ ዘንግ የያዙ ሰዎች ናቸው። ካሜራው ወደ መሐል ሲጠጋ እነሱ ከስክሪን ይወጣሉ፤ ተመልካቹም ግምት ላይ ይወድቃል። ቢጫዋ መስመር የመለሰችው ይህንን፣ ሰው ራሱ በየደቂቃው የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው። ሆኪው ላይ የነበረው ስድብ እዚህ የለም፤ የጨዋታው አዋቂም ቢሆን ከሶፋው ላይ ሆኖ 10 ያርድ መለካት አይችልምና።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም፤ እንዲያውም እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ የሚያይ ሰው ከጨዋታ ውጪ መሆኑን ለማሳየት በቫር የሚሰመረውን መስመር ያውቃል። ያ መስመር የቆመ ምስል ላይ ነው የሚሰመረው። የአሜሪካዋ መስመር ግን ካሜራው እየዞረ፣ እየተጠጋና እየራቀ፣ ሰው እየተራወጠ መኖር አለባት። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ ወደ 30 ምስል ያሳያል፤ በእያንዳንዱ ምስል ላይ መስመሯ እንደገና መሳል ይኖርባታል። አንድ ጊዜ ብትንሸራተት ሳሩ ላይ የተቀባች መምሰሏ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚያምናት የለም።

በየካሜራው ማቆሚያ ላይ መለኪያ ተገጠመ። ካሜራማኑ ወደ ግራ ስንት ዞረ፣ ስንት ደፋ፣ ስንት ዙም አደረገ የሚለው ሁሉ ስታዲየሙ ደጅ ወደ ቆመው መኪና ይላካል። እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች የሜዳውን ቅርጽ አስቀድመው ያውቃሉ። ሜዳ ደግሞ ሲያዩት ጠረጴዛ ይመስላል እንጂ ዝናብ እንዳይቋጥር ተብሎ መሐሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ስታዲየም የራሱ ጉብታ አለው። ሜዳው በጨረር ካልተለካ በስተቀር ቀጥ ብላ የተሰመረችው መስመር መሐል ላይ አየር ላይ ትንሳፈፋለች።

ከዚያ የቀለሙ ነገር ይመጣል። መስመሯ ከተጫዋቹ እግር በታች እንድትመስል ኮምፒውተሩ ሳርን ከሰው መለየት አለበት። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሁለት የቀለም ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ ቢጫ ሊቀባ የሚችለውና ፈጽሞ ሊነካ የማይገባው። አረንጓዴው ሳር ይቀባል፤ ማልያው፣ ቆዳው፣ ኳሷ አይነኩም። ፀሐይ ዘቅዝቃ ግማሹ ሜዳ ጥላ ሲሆን አረንጓዴው ይለወጣል። ዝናብ ሲወርድ ሳሩም ተጫዋቹም ጭቃ ይሆናሉ። አረንጓዴ ማልያ የለበሰ ቡድን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ጨዋታው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቀለም ሲያስተካክሉ ያመሻሉ። ከውጭ ሲያዩት አንዲት ቢጫ መስመር ብቻ ናት።

ሮናልድ አዙማ የተባለው ተመራማሪ በ1997 ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ በሦስት ነጥብ አስቀምጧል፤ እውኑን ከተፈጠረው ማዋሐዱ፣ በዚያው ቅጽበት መልስ መስጠቱ፣ የተደረበውም ነገር በቦታው መርጋቱ። ተመልካቹ መስመሯን ማዘዝ ስለማይችል አትቆጠርም የሚሉ ይኖራሉ። ለሊቃውንቱ ክርክር እተዋለሁ። ዓይን ግን ተቀብሏታል፤ ሕፃናት እውነተኛ ቀለም መስላቸው አድገዋል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚነካ አንድ ነገር ልበል። ጥቅምት 7 ቀን 2020 በስፔን ቫሌንሲያ ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሮጣ ጥሩነሽ ዲባባ ከ2008 ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ከመም ዳር አብሯት የሚሮጥ መብራት ነበር። በቴሌቪዥን ብቻ ላየው ሰው በኮምፒውተር የተደረበ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ያ መብራት እውነተኛ ነው። የመሙ ጠርዝ ላይ ተደርድረው በታሰበው ፍጥነት በየተራ የሚበሩ መብራቶች ናቸው፤ ለተሰንበትም በዓይኗ ታያቸው ነበር። አንዷ የሌለች ሆና ያለች ትመስላለች፣ ሌላው ያለ ሆኖ የሌለ ይመስላል። ከቢጫዋ መስመር ወዲህ ያለው ተመልካች ዓይን ይህን ያህል ተለውጧል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙው አንባቢ ስለኖረበት ፈጠን ብዬ ልለፈው። ጃፓናዊው ሂሮካዙ ካቶ በ1999 ጥቁር ፍሬም ያለው ወረቀት በካሜራ ፊት ሲደረግ ምስል የሚበቅልበትን አርቱልኪት የተባለ ሶፍትዌር ሠራ፤ ማንም እንዲጠቀምበትም ተለቀቀ። ስልክ ካሜራና ጂፒኤስ ሲያገኝ መንገዱ ተከፈተ። በ2013 ጉግል በ1,500 ዶላር መነጽር ለተመረጡ ሰዎች መሸጥ ጀመረ፤ ሰው ግን «እየቀረጸኝ ይሆን?» እያለ ከባለ መነጽሩ መሸሽ ያዘ፤ በ2015 መጀመሪያ ሽያጩ ቆመ። በዚያው ዓመት መስከረም ስናፕቻት ፊት ላይ የሚደረቡ ምስሎችን አመጣ። መነጽር አላስገዛም፣ ማብራሪያ አልጠየቀም፤ ሰው በእጁ የያዘውን ስልክ ወደ ፊቱ አዞረና ሳቀ።

ሐምሌ 2016 ፖክሞን ጎ ወጣ። የሠራው ኒያንቲክ የተባለ ኩባንያ ነው፤ ስሙን የወሰደው በወርቅ ፍለጋው ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ደርሳ ከቀረችና በኋላ ከተማው በላይዋ ከተሠራባት መርከብ ነው። መንገድ ዳር የተደበቀ ፍጥረት የሚፈለግበት ጨዋታ ሕፃን አዋቂውን ከቤት አስወጣ። በዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት ሙዚየም ጎብኚዎች እንዳይጫወቱበት እስከ መለመን ደረሰ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ግን ፍጥረቱን እውነተኛው መንገድ ላይ የሚደርበውን ካሜራ ባትሪ እንዳይጨርስባቸው ያጠፉት ነበር። ያስወጣቸው ፍለጋው ነው፤ ተደራቢው ምስል እንኳ ቢቀር አልጎደለባቸውም። ይህን ሳስብ የምታበራዋ የሆኪ ጎማ ትመጣብኛለች።

ስታን ሃኒ መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን በውቅያኖስ ውድድር የታወቀ የመርከብ መንገድ መሪም ነው። በ2013 የአሜሪካ ዋንጫ የጀልባ ውድድር በሳን ፍራንሲስኮ ሲደረግ፣ ከሄሊኮፕተር በሚቀረጸው ምስል ባሕሩ ላይ መስመር አሰመረበት። ጉብታው የሚለካ ሳር የለም፤ ካሜራው ራሱ በሰማይ ይንከራተታል፤ ከታችም ውኃው አይረጋም። መስመሩ ግን ቆመ። የጀልባ ውድድር አይቶ የማያውቅ ሰውም ማን እንደቀደመ አየ።

የአሜሪካው እግር ኳስ ሜዳ ላይ ዛሬም ብርቱካናማ ዘንግ የያዙት ሰዎች ዳር ቆመዋል። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ሰንሰለት 10 ያርድ ነው። በቴሌቪዥን ያደገ ልጅ ከአባቱ ጋር መጀመሪያ ስታዲየም ሲገባ ሳሩን በዓይኑ ይፈልጋል፤ መስመሯ የለችም። አባትየው እጁን ዘርግቶ ሰንሰለቱን ያሳየዋል።